ሃምሳ ሴንት ዝቅ ያለች ድምፅ

ሰው የላከልኝን ሙዚቃ ሳልጠየቅ «አስተካክያለሁ»። ያውም የትልቅ ሰው ሙዚቃ። ይህን ጽሑፍ ለወራት ሳዘገየው የቆየሁት ስለማፍር ነበር። አሁን ሥራው አልቋል፤ እሳቸውም «ጻፈው፣ ያስቃል» ብለውኛል። ስለዚህ ልጻፈው።

ጊታር እጫወታለሁ። እንጀራዬ ግን የሌሎች ሰዎችን ሙዚቃ ማቀናበርና ሚክስ ማድረግ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ እውላለሁ። እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፣ ሳል አወጣለሁ፣ ከቦታዋ የሾለከች ድምፅ ጎትቼ እመልሳለሁ። ጉድ የሠራኝም ይሄው ልማድ ነው።

የማወራችሁ ሰው ዑድ ተጫዋች ናቸው። ዑድን ላላየ፦ ሆዱ የተነፋ፣ አንገቱ አጠር ያለ የክር መሣሪያ ነው። ሉት የሚባለው የአውሮፓ የክር መሣሪያ የተወለደው ከሱ ነው። ለዚህ ታሪክ ትልቁ ነገር ግን አንገቱ ላይ ፍሬት የለውም። ጊታር አንገት ላይ በአግድም የተደረደሩትን ብረቶች ታውቋቸዋላችሁ አይደል? እነሱ ዑድ ላይ የሉም። ጣት የትም ማረፍ ይችላል።

ስማቸውን አልጠቅስም። ተማሪዎቻቸው «ኡስታዝ» ይሏቸዋል። በዐረብኛ ሙዚቃ መምህርም፣ የተከበረ ተጫዋችም እንዲህ ይጠራል። እኔም ከሁለተኛው መልእክት ጀምሮ ኡስታዝ አልኳቸው። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ያሉት ሌላ አህጉር ነው፤ በመሃላችን 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። እስከ ዛሬ በአካል ተገናኝተን አናውቅም።

የተዋወቅነው እንዲህ ነው። አንድ አጭር የጊታር ቪዲዮ ለጥፌ ነበር። እሳቸው ቪዲዮውን ከፍተው በላዩ ዑድ ተጫወቱበትና ላኩልኝ። ሰላምታ የለ፣ ማብራሪያ የለ። ዑድ ብቻ። አሥር ጊዜ ሰማሁት።

መጀመሪያ በቪዲዮ ጥሪ ፊት ለፊት እንጫወት ብለን ነበር። አይሆንም። የማይሆነውም ኢንተርኔታችን ቀርፋፋ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። 8,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 40 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። ይህ እንግዲህ ገመዱ እንደ ክር ተወጥሮ ቀጥ ብሎ ከመጣ ነው፤ አይመጣም። በየመንገዱ ያሉት ማሽኖችና የሁለታችን ኮምፒውተሮች የየራሳቸውን ሲጨምሩበት እኛ ጋ መቶ ሚሊሰከንድ ገደማ ደረሰ። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ነው የሚሄደው። ስለዚህ መቶ ሚሊሰከንድ ማለት 34 ሜትር ርቆ ከተቀመጠ ሰው ጋር እንደ መጫወት ነው። እስቲ ሞክሩት።

ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክሪስ ቼፍ የሚባሉ የሙዚቃ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንን ፈትነውታል። ሰዎችን ለየብቻ ክፍል አስቀምጠው፣ በጆሮ ማዳመጫ እየተሰማሙ አንድ ምት እንዲያጨበጭቡ አደረጉ። መዘግየቱ ሲረዝም ጭብጨባው እየተጎተተ ሄደ። አንዱ ሌላውን ይጠብቃላ! እኛም እንደዛው ሆንን። በደህና ፍጥነት የጀመርነው ዜማ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የቀብር ሙዚቃ ሆኖ አረፈው። በዚያ ላይ የጥሪው መተግበሪያ ጫጫታ የሚያጠፋ ነገር አለው። የዑዱን ረጅም ጭራ የማራገቢያ ድምፅ ነው ብሎ ዋጥ ያደርገዋል። እሳቸው ክሩን ሲመቱ «ጠብ» ይላል፣ ከዚያ ዝም። ይህን ነገር ማጥፊያ ቦታ ነበረው፤ ቆይቼ አገኘሁት። ግን ያኔ ተስፋ ቆርጠን ወደ ፋይል መላላክ ዞረን ነበር።

ፋይል መላላክ ደግሞ ሌላ ባሕርይ አለው። ማንም ማንንም አያይም። እሳቸው ሌሊት ቀርጸው ይተኛሉ፤ እኔ ጠዋት ከፍቼ እሰማለሁ። ስሰማ ፊታቸውን አላይም። ስነካካው እጄን አያዩም። አሜሪካዊው ጊታሪስት ራይ ኩደርና ህንዳዊው ቪሽዋ ሞሃን ባት የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ አብረው የቀረጹት ሥራ ግራሚ አግኝቷል። ሁለቱ ከተዋወቁ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላቸው ነው ቀረጻ የጀመሩት ይባላል። እቀናለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው አንዱ ቅንድቡን ቢያነሳ ሌላው ያያል። እኔ አጠገባቸው ብሆን ኖሮ ያንን ስሕተት አልሠራም ነበር። ገና አይጤውን ሳነሳ «ምን ልታደርግ ነው?» ይሉኝ ነበር።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

ኡስታዝ የሦስት ደቂቃ ታቅሲም ላኩልኝ። ታቅሲም ማለት ያለ ምት፣ በአንድ መቃም (የዐረብ ሙዚቃ ቅኝት) ውስጥ እየተዘዋወሩ በቅጽበት የሚፈጠር ጨዋታ ነው። መቃሙ ራስት የሚባለው ነበር፣ ከዶ የሚነሳ። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ሥሩ የሲ ሜጀር ኮርድ (ዶ፣ ሚና ሶል አንድ ላይ፤ «ሲ» የእንግሊዝኛው C፣ ያው ዶ ናት) አነጠፍኩበት። ከዚያ አንድ ላይ አሰማሁት።

ጆሮዬን ቆረጠኝ። ሦስተኛዋ ድምፅ፣ ሚ፣ ዝቅ ብላለች። በመጣች ቁጥር ከኮርዴ ጋር ትጋጫለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ቁጥር ታገሡኝ። አንድ ኦክታቭ በ1,200 ሴንት ይከፈላል። (ገንዘቡንም ራፐሩንም እርሱት፤ የድምፅ መለኪያ ነው።) ፒያኖ ላይ ከአንዷ ቁልፍ ወደ ጎረቤቷ 100 ሴንት ነው። ከዶ እስከ ሚ 400 ይሆናል፤ ይህ ሜጀር ነው። ሚ ቤሞል (በአንድ ቁልፍ ዝቅ ያለችው ሚ) ከሆነች 300፤ ይህ ማይነር ነው። የኡስታዝ ሚ ግን 350 አካባቢ ነበረች። ሜጀርም አይደለች፣ ማይነርም አይደለች።

እኔ ምን አሰብኩ? እውነቱን ልናገር። «ሽማግሌ ናቸው፣ ጆሯቸው ደክሞ ይሆናል» አሰብኩ። ወይ ደግሞ ክሩ ረግቦ ይሆናል። ብቻ በትሕትና የተሞላ ንቀት ነበር። ከዚያም በየቀኑ ለዘፋኞች የማደርገውን አደረግኩ። የድምፅ ማስተካከያውን ከፈትኩ፣ ሲ ሜጀር ብዬ መረጥኩ፣ አንድ ጊዜ ተጫንኩ። ሁሉም ሚዎች ተራ በተራ ወደ 400 ዘለሉ። ጸጥ፣ ለጥ አለ።

ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ታሪኩ ራሱ ይገርማል። ስመ ጥሩ ኦቶቲዩን እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ የሠራው አንዲ ሂልደብራንድ የሚባል መሐንዲስ ነው። ከዚያ በፊት ሥራው የመሬት ውስጥ ንዝረትን እየተነተነ ነዳጅ የት እንዳለ መፈለግ ነበር። ያንኑ ሒሳብ ለሰው ድምፅ አዋለው። እኔ የተጠቀምኩት ሌላ ሶፍትዌር ነው፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ድምፅህ የት እንዳለ ይፈልግና «መሆን ያለብህ እዚህ ነው» ይልሃል።

ላክሁላቸው። ሦስት ቀን ዝም አሉ። በአራተኛው ቀን መልስ መጣ፦ «ማሻአላህ፣ በጣም ንጹሕ ነው።»

ደስ አለኝ! ለጓደኛዬ ሁሉ አሳየሁት። በጣም ንጹሕ ነው ብለውኛል እኮ!

ሳምንት ቆይቶ የድምፅ መልእክት ላኩ። 14 ሰከንድ ብቻ። ዑዱ አንዴ ይመታል፤ ረጅም ሚ። ዝም ይላል። ድጋሚ ይመታል፤ ሌላ ሚ፣ ጥቂት ዝቅ ያለች። ከዚያ ድምፃቸው መጣ። እሳቸው በዐረብኛ፣ እኔ በትርጉም መተግበሪያ ነው የምንግባባው፤ ለዚች አረፍተ ነገር ግን ትርጉሙ አልተሳሳተም። «የመጀመሪያዋ ያንተ ናት። ሁለተኛዋ የኔ ናት። የኔ ስሟ ሲካ ይባላል።»

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስሰማቸው ልዩነቱ ለደንቆሮም ይሰማል። የኔዋ ቀጥ ያለች፣ የምታበራ፣ ምንም የማትፈልግ ድምፅ ናት። የሳቸው እንደ ጥያቄ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ታቅሲሙ በሙሉ የቆመው በሷ ላይ ነበር፤ ወደሷ ይወጣል፣ ይከባታል፣ ይሸሻታል። እኔ የቤቱን ምሰሶ ነቅዬ «አሁን ሰፋ ያለ ሆነ» ብያለሁ ማለት ነው።

ያን ሌሊት ማንበብ ጀመርኩ። ሲካ በራስት ውስጥ ሦስተኛዋ ድምፅ ናት። በሜጀርና በማይነር መካከል ነው የምትኖረው። በትክክል የት? እዚህ ላይ ነው ክርክሩ። ወረቀት ላይ መሃሏን ይዘው 350 ይሏታል። በተግባር ግን ከአገር አገር ትለያያለች፤ አንዱ ጋ ከፍ፣ አንዱ ጋ ዝቅ። እ.ኤ.አ. በ1932 ካይሮ ላይ ስለ ዐረብ ሙዚቃ ትልቅ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። የሙዚቃ ደራሲዎቹ ቤላ ባርቶክና ፖል ሂንደሚት ሳይቀሩ ከአውሮፓ መጥተው ተገኝተዋል። ኦክታቩን 24 እኩል ቦታ እንክፈለው ወይስ አንክፈለው፣ ፒያኖስ በዐረብ ሙዚቃ ውስጥ ይግባ ወይስ ይቅር እያሉ ተከራከሩ። አልተስማሙም። እነዚያ ሁሉ ሊቃውንት ያልፈቱትን እኔ በአንድ ክሊክ ፈታሁት።

ይቅርታ ጠየቅኩ። ረጅም ይቅርታ። ኡስታዝ ግን የሚገርም መልስ ሰጡኝ። «ልጄ፣ አንተ አይደለህም። ማሽኑ ቋንቋህን ሳይጠይቅህ መርጦልሃል» አሉኝ። መተግበሪያው በትክክል ከተረጎመው ማለቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሙዚቃ የምሠራበትን ሶፍትዌር በከፈትኩ ቁጥር አስተውለዋለሁ። አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍት ባዶ ይመስላል። ባዶ አይደለም። ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት ነው። ምቱ አራት በአራት ነው። ኪቦርዱ 12 ድምፅ ነው። ዜማውን የሚያስተላልፈው ሚዲ የሚባለው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲወጣ ለድምፆቹ 128 ቁጥር ሰጥቶ በግማሽ ድምፅ ርቀት ደረደራቸው። መሃሉ ላይ መቆም ከፈለግክ ትችላለህ፤ ግን እየለመንክ፣ በጓሮ በር ነው። ገና አንድ ኖታ ሳልጽፍ የአንድ ሙዚቃ ቤት ተሠርቶ ጠብቆኛል። እኔ እዚያው ቤት ስላደግኩ ግድግዳውን አላየሁትም። ኡስታዝ ግን በገቡ ቁጥር ጭንቅላታቸውን ይመታቸዋል።

ደግነቱ ግድግዳውን የሚያፈርሱ ሰዎች አሉ። ኻያም አላሚ የሚባል ሙዚቀኛ፣ እሱም ዑድ ተጫዋች ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከባልደረቦቹ ጋር ሌይማና አፖቶሜ የሚባሉ ሁለት ነጻ መሣሪያዎች አውጥቷል። በብሮውዘር ይከፈታሉ። ቅኝቱን ራስህ ትሠራለህ፣ ከዚያ በሱ ትጫወታለህ። አብልተን ላይቭ የሚባለው የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌርም እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 12ኛው እትሙ ቅኝት መቀየር ፈቅዷል። ሁለት ቀን ሙሉ ሳልተኛ ስነካካ ቆየሁ። እንደ ልጅ።

ሥራችንን ግን ያዳነው ሶፍትዌር አልነበረም። በጣም ቀላል ነገር ነበር፦ ኮርዴ ውስጥ ያለችውን ሚ አወጣኋት። ዶና ሶል ብቻ ቀሩ። እነዚህ ሁለቱ ከማንም ጋር አይጣሉም። መሃሉ ክፍት ሆነ፣ ሲካ ገብታ ተቀመጠች። ለስንት ዓመት «ኮርድ ያለ ሦስተኛው ባዶ ነው» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

ቀጥሎ እኔም ላገኛት ፈለግኩ። ጊታር ላይ ሲካ የለችም፤ ብረቶቹ አይፈቅዱም። ሁለተኛው ክር አራተኛው ፍሬት ላይ ሚ ቤሞልን ይዤ ክሩን በጣቴ ወደ ላይ መግፋት ጀመርኩ። ግማሽ መንገድ ገፍቶ ማቆም። እስከ መጨረሻው መግፋት ቀላል ነው፣ እጅ ያውቀዋል። ግማሽ ላይ ማቆም ግን ጣቴን አቆሰለው። በኋላ ፍሬት አልባ ቤዝ ጊታር ተዋስኩና ታችኛውን መስመር በሱ ሠራሁት። እሱ ተሻለ።

የምቱ ነገርም ነበር። በክሊክ እንዲቀርጹ ሜትሮኖም (ምት እየቆጠረ የሚያንኳኳ ድምፅ) ብልክላቸው «ይህ የሚንኳኳው ማን ነው?» ብለው መለሱልኝ። ያለ ክሊክ ቀረጹ። ሁለተኛው ክፍል ሰማዒ ነው፤ አሥር ምት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ የሚቆጠር። እሳቸው መጨረሻዋ ሦስት ላይ ሁልጊዜ ጥቂት ይዘገያሉ፤ ከዚያ ይመለሳሉ። እንደ ትንፋሽ ነው። ቀድሞ ቢሆን ግሪዱ (የኮምፒውተሩ እኩል የምት መስመሮች) ላይ ቆራርጬ እለጥፈው ነበር። አሁን ተገላቢጦሹን አደረግኩ። እያንዳንዷን ምት በጆሮዬ እየሰማሁ የኮምፒውተሩን ፍጥነት በሳቸው ልክ አስተካከልኩ። ሙሉ ቀን ፈጀ። ደስ የሚል ቀን ነበር።

ሙዚቃው ሲያልቅ ቅጹ መጣ። ዲጂታል አከፋፋይ ጋ ስትመዘግብ የማያልቅ ሣጥን ትሞላለህ። ዋና አርቲስት ማን ነው? ተጋባዥ ማን ነው? እኔ መዝጋቢው ስለሆንኩ ቅጹ የኔን ስም ቀድሞ ጽፎታል፤ እሳቸውን «ተጋባዥ» አድርጓቸዋል። ሙዚቃቸው ላይ እንግዳ! ቀየርኩት። ሁለታችንም ዋና ሆንን። ድርሻውን በወረቀት ጽፈን፣ ግማሽ በግማሽ፣ ፈረምን። ይህን ከመልቀቁ በፊት አድርጉት። እባካችሁ። ሰዎች የሚጣሉት ሙዚቃው ሲሳካ ነው።

ዘውግ የሚለው ሣጥን ላይ ግን ተጣበቅን። ዝርዝሩ ውስጥ ለኛ ቅርብ የሆነው «ወርልድ ሚዩዚክ» ነበር። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1987 ጥቂት የሙዚቃ ነጋዴዎች ለንደን ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው ነው የተስማሙበት። የመሸጫ መደርደሪያ ስም ነው እንጂ የሙዚቃ ዓይነት አይደለም። ግራሚ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ቃሉን ትቶ «ግሎባል» ብሎታል። ኡስታዝን ምን ልምረጥ አልኳቸው። «ዑድ በል» አሉኝ። ዝርዝሩ ውስጥ የለም አልኳቸው። «ጊታርስ?» አሉ። እሱም የለም። «እንግዲህ ሁለታችንም የለንማ» ብለው ሳቁ። መጨረሻ ላይ «ኢንስትሩመንታል» የምትል ቃል አገኘሁና ሸሸሁባት።

ከመልቀቃችን በፊት ባለው ሌሊት ለመጨረሻ ጊዜ ሰማሁት። ሁለተኛው ደቂቃ አልፎ አንድ ቦታ ላይ ዑዱ ዝም ይልና ጊታሬ ብቻውን ሲካን ይይዛል። ክሩን በደንብ አልገፋሁትም። መለኪያ ላይ አየሁት፤ 20 ሴንት ያህል ቀርቶኛል። አንድ ክሊክ ነው። አሁን ቅኝቱን አውቃለሁ፣ በትክክል 350 ላይ አስቀምጣታለሁ። ለኡስታዝ ጻፍኩላቸው፦ «ይህችን ላስተካክላት?»

በደቂቃ መለሱ። «ተዋት። ቆንጆ ናት።»

ተውኳት። ግን ያው፣ «በጣም ንጹሕ ነው» ያሉኝም እሳቸው ናቸው። ያቺ ቦታ በደረሰች ቁጥር የእውነት ቆንጆ ናት ማለታቸው ነው ወይስ ጨዋነታቸው ነው እያልኩ አዳምጣለሁ።